ሰር ሳሙኤል ማካሂ (1835–1919)

በአውስትራሊያ የቅኝ ግዛት ዘመን ከታወቁት በግ አርቢዎች አንዱ የሆኑት ሰር ሳሙኤል ማካሂ እ.ኤ.አ. በ1835 በአየርላንድ፣ ባሊሚና አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው ገበሬና የበፍታ ነጋዴ ነበሩ። በ1856 ሜልበርን ገብተው በሆርሻም አቅራቢያ በአንድ እርባታ በጀማሪነት ተቀጠሩ፤ በ2 ዓመት ውስጥ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በ1860 ከሸሪኮች ጋር በኒው ሳውዝ ዌልስ የኩኖንግን እርባታ ገዙ።

የኩኖንግ ችግር ውሃ ነበር። በግ ከውሃ ብዙ ስለማይርቅ ሩቁ ሣር ሳይነካ ይደርቃል፣ ኩሬው ዳር ያለው ደግሞ ተግጦና ተረግጦ ያልቃል። ማካሂ ግድብና ኩሬ በየቦታው አስቆፍረው መንጋውን በተኑት። ሀብታቸው በገነነበት ጊዜ ይዞታቸው ከ3 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነበር። በዳርሊንግ ወንዝ ዳር ባለው የዳንሎፕ እርባታቸው በ1888 መንጋው በሙሉ በወልስሊ ማሽን ተሸለተ፤ ይህ በዓለም የመጀመሪያው ነው።

የሚያከራክረው የቬርሞንት በግ ነው። በ1886 ከአሜሪካዋ የቬርሞንት ግዛት ያስመጧቸው የሜሪኖ (በሱፉ የታወቀ የበግ ዝርያ) አውራዎች ቆዳቸው ከአንገት እስከ ታፋ የተሸበሸበ ነበር። ቆዳው ሲታጠፍ ሱፍ የሚያበቅለው ስፋት ስለሚጨምር ሚዛን ላይ ይደፋል። ነገር ግን ከክብደቱ ብዙው ቅባት በመሆኑ ሱፉ ሲታጠብ ይጠፋል። ሸላቹ እጥፋቱን በእጁ እየወጠረ መሥራት አለበት፤ ካልወጠረ ቆዳውን ይቆርጣል፣ ከወጠረም ሥራው ይዘገያል። ጭራ ሥር ባለው እጥፋት ሽንትና ኩስ ይጠራቀማል፤ ዝንብ እዚያ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሉም ሥጋውን ይበላል። ሽብሽባም እናቶች የሚወልዱት ግልገልም ያንሳል። ከ1895 በኋላ የመጣው ረጅም ድርቅ ይህን ሁሉ አጋለጠ። ማካሂ የዝርያው ዋና አስፋፊ መሆናቸው አይካድም፤ ሆኖም በዘመኑ ኤግዚቢሽኖች ሽብሽቡን ይሸልሙ፣ ሌሎች አርቢዎችም ይሻሙበት ስለነበር ጥፋቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ መጫን አግባብ አይመስልም።

ከ1899 እስከ ሞታቸው በኒው ሳውዝ ዌልስ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ። መቀመጫው በሹመት እንጂ በምርጫ አይገኝም ነበር። በ1905 የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጣቸው።

በ1900 የሰሜን ያንኮን እርባታ ገዝተው 320 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦይ አስቆፈሩና ከመረምቢጂ ወንዝ መስኖ አለሙ። መንግሥት የቡሪንጀክን ግድብ ሠርቶ በአካባቢው ሰፊ መስኖ የዘረጋው ከዚህ የእሳቸው ሥራ በኋላ ነው። ሳያገቡ በ1919 አረፉ፤ ከሀብታቸው ከፊሉን ለሲድኒና ለኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተናዘዙ። የሰሜን ያንኮ መኖሪያቸው በ1922 የግብርና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ።