ደሞዙ ዝቅ ያለ ግን ቅርብ የሆነ ሥራ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ቡና በተጠጣበት ሁሉ የሚነሳ ጨዋታ ነው ይሄ። ሰውየው ቤቱ ፒያሳ አካባቢ ነው፣ ሥራው ግን ራቅ ብሎ አዘዞ ወይ ጠዳ፣ ሲብስም ማክሰኝት፣ ከዛ ሰፈሩ ውስጥ በእግር የሚደረስ፣ ሰዓቱም ለቀቅ ያለ ሥራ ያገኝና ደሞዙ ግን ያንሳል። ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብሎ ሲያማክር ያገኘው ሰው ሁሉ የመሰለውን ይነግረዋል። እኔ የድርጅት ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ፔሮል (የሠራተኛው የደሞዝ መክፈያ ዝርዝር) በየወሩ በእጄ ነው የሚያልፈው፣ ስለዚህ ጥያቄው ወደኔም ይመጣል፣ ከጥያቄው ጋር ደሞ ሰው እንደ እውነት የያዛቸው ብዙ የተሳሳቱ ነገሮች አብረው ይመጣሉ። በተራ ልሂድባቸው።

«ሦስት ሺ ብር ከቀነሰ ሦስት ሺ ብር ከሰርኩ ማለት ነው»

አይደለም። ሰው ሁሌ የሚያወዳድረው ግሮሱን፣ ማለት ምንም ሳይቆረጥ ያለውን ደሞዝ ነው፣ ቤት የሚገባው ግን ኔቱ፣ ተቆራርጦ የሚተርፈው ነው። በ2017 ዓ.ም በተሻሻለው የገቢ ግብር እስከ 2,000 ብር ነፃ ነው፣ እስከ 4,000 ባለው 15 ከመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከዛ በላይ ባለው 35 ከመቶ ይቆረጣል። በዚህ ላይ የጡረታ 7 ከመቶ አለ። እና አንዲት ልጅ አዘዞ 15,000 ብር ይከፈላታል እንበል፣ ታክሷ 3,200፣ ጡረታዋ 1,050፣ እጇ የሚገባው 10,750 ነው። ፒያሳ 12,000 የሚከፍላት ብታገኝ ታክሱ 2,250፣ ጡረታው 840፣ እጇ የሚገባው 8,910። በወሬ 3,000 የተባለው ልዩነት ኪስ ሲደርስ 1,840 ሆነ።

በአጭሩ ከ14,000 በላይ ያለች እያንዳንዷ 1,000 ብር ኪስ ስትገባ 580 ብር ናት። ግን እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም ነገሩ ለሁሉም እኩል አይደለም። ከ5,000 ወደ 4,000 የሚወርድ ሰው ከኪሱ 730 ብር ነው የሚያጣው፣ ታክሱ ዝቅተኛ ስለሆነ የቀነሰው ብር አብዛኛው የራሱ ብር ነው። ስለዚህ «ደሞዝ ቢቀንስም ብዙ አይጎዳም» የሚለው ምክር ደህና ለሚከፈለው ሰው ይሠራል፣ ለትንሽ ደሞዝተኛ ግን በጣም ተጠንቅቆ ነው መሰጠት ያለበት። ደህና የሚከፈላቸው ሰዎች ይሄን ሳያስቡ ጥበቃውንም ተላላኪዋንም «ኧረ ሰላምሽ ይበልጣል» ሲሏቸው እሰማለሁ፣ ያናድደኛል።

«የመንገድ ወጪ ማለት የታክሲ ብር ነው፣ እሱ ደሞ ምን አላት»

የቅድሟን ልጅ እንቀጥል። ከቤቷ እስከ ዋናው መንገድ ባጃጅ፣ ከዛ አዘዞ ድረስ ታክሲ፣ ደርሶ መልሱ በቀን 100 ብር ይፈጃል ብለን እንያዝ (ዋጋው ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ስለሚቀያየር የራሳችሁን አስገቡበት)። በወር 26 ቀን ብትሠራ 2,600 ብር ነው። ከ10,750 ላይ ሲነሳ 8,150 ቀረ። አያችሁ፣ ትንሽ ይከፍላል የተባለው የፒያሳው ሥራ 8,910 ሰጥቷት በእግሯ ትሄዳለች። ምሳውን ገና አልቆጠርንም። ቅርብ የሚሠራ ሰው ቤቱ ገብቶ ሽሮውን በልቶ ይመለሳል፣ ሩቅ ያለው ወይ ምሳ ዕቃ ተሸክሞ ይወጣል ወይ በየቀኑ ምግብ ቤት ይከፍላል፣ ጠዋት የተሸከመውን ደሞ ከሰዓት ቀዝቅዞ መብላት የሚሰለቸው ሰው መጨረሻው ምግብ ቤት ነው። ልጅ ካለ የሞግዚቷ ሰዓት ይረዝማል፣ እሷም በነፃ አትቆይም።

ሰዓቱን ደሞ እንይ። በሳምንት 48 ሰዓት ሲባል በወር 208 ሰዓት ይመጣል። መመላለሱ ከነጥበቃው፣ ከነሰልፉ፣ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ ከሚያቆማት ጋር በቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ከበላ በወር 65 ሰዓት ተጨመረ፣ ድምሩ 273 ነው። 8,150ን ለሱ ስታካፍሉት ከቤት ከወጣችበት እያንዳንዱ ሰዓት 30 ብር ገደማ ታገኛለች። የፒያሳው ግማሽ ሰዓት ብቻ የእግር መንገድ ስላለው 221 ሰዓት ነው፣ ሲካፈል 40 ብር ገደማ። ደሞዙ የሚያንሰው ሥራ በሰዓት ሲታይ የተሻለ ይከፍላል ማለት ነው።

ግን ይሄንንም ስሌት አታምልኩት። ሰዓት ጤፍ አይገዛም። ኔቱ ከመንገድ ወጪ በኋላም በጣም የሚያንስ ከሆነና የቤት ኪራይ፣ ዕቁብ፣ አስቤዛ ሲደመር የማይሸፍን ከሆነ በሰዓት 40 ብር መጣ ብሎ መደሰት የትም አያደርስም። እኔ የማየው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ መጀመሪያ ከመንገድና ከምሳ በኋላ የሚተርፈው ብር የግድ የሆኑትን ወጪዎች ይሸፍናል ወይ፣ አዎ ከሆነ ብቻ ነው ሰዓቱ የሚመዘነው።

«መንገድ ላይ የሆነ ነገር ብሆን መሥሪያ ቤቴ አለልኝ»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተሳስቷል፣ አደገኛ ስህተት ስለሆነ ጠበቅ አድርጌ ልናገር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሥራ ሰዓት የሚለው ሥራ ላይ ያላችሁበትን ወይም ለሥራ ዝግጁ ሆናችሁ የተገኛችሁበትን ነው፣ አዘዞ እስክትደርሱ ታክሲ ውስጥ የተቀመጣችሁበት አይቆጠርም። አደጋም ቢሆን ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የደረሰ ጉዳት እንደ ሥራ አደጋ የሚያዘው ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ባቀረበው ሰርቪስ ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ስትጓዙ ነው። በራሳችሁ ባጃጅና ታክሲ ተሳፍራችሁ ከሆነ በዚህ አንቀጽ አትያዙም። ስለዚህ ሩቅ ያለው ሥራ ሰርቪስ ካለው ብር ከመቆጠቡ ሌላ ትልቅ ዋስትና ነው፣ ሰርቪስ ከሌለውና «የትራንስፖርት አበል እንሰጣለን» ካሏችሁ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ይሄን ልዩነት በኮንትራት ጊዜ የሚጠይቅ ሰው አላየሁም ማለት ይቻላል።

«ፍሌክሰብል ነው (ሰዓቱ እንደ ሁኔታው ይተጣጠፋል) ካሉ በፈለግሁት ሰዓት ገብቼ እወጣለሁ»

ወንድማለም፣ ማን ነው የሚያጣጥፈው? ጥያቄው እሱ ነው። ሰዓቱን የምታጣጥፈው አንተ ከሆንክ ትልቅ ጥቅም ነው፣ አለቃህ ከሆነ ግን ማታ ሦስት ሰዓት ቴሌግራም ላይ «አለህ?» የምትል መልእክት ናት፣ እሁድ ቅዳሴ ወጥተህ ስልክህን ስትከፍት የምታገኛት። አንዳንድ ትናንሽ ድርጅቶች ፍሌክሰብል የሚሉት ኦቨርታይም ላለመክፈል ነው፣ በግልጽ ልንነጋገር።

ሕጉ ግልጽ ነው። በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ ከዛ በላይ ትርፍ ሰዓት ነው፣ እሱም በቀን ከ4 በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ተባዝቶ ነው። ጥምቀት ላይ ከተማው በእንግዳ ሞልቶ የሆቴል ሠራተኛ ቀንና ሌሊት ሲሠራ ይሄ የሁለት ተኩሉ ነገር ትልቅ ብር ነው፣ «እኛ ጋ ሰዓቱ ፍሌክሰብል ነው» በሚል አንድ ቃል ግን ብን ብሎ ሲጠፋ ይታያል።

ስለዚህ ቃል ብቻ አትቀበሉ። የግድ መገኘት ያለባችሁ ከስንት እስከ ስንት ነው፣ ዘግይቶ የገባ መቼ ያካክሳል፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ ስልክ አለማንሳት ይቻላል ወይ፣ ይሄን በኮንትራቱ ላይ ወይም ቢያንስ በደብዳቤ አስጽፉ። «ኧረ እኛ ቤተሰብ ነን» ካሏችሁ በተለይ አስጽፉ።

«ሰዓት ለማግኘት የግድ ሥራ መልቀቅ ያስፈልጋል»

ሰው የማያውቃት ነገር አለች። አዋጁ በአንዱ ቀን ያለውን ሰዓት አሳጥሮ በሌሎቹ ቀናት ላይ ማከፋፈል ይፈቅዳል፣ የትኛውም ቀን ከ8 ሰዓት ላይ ከ2 ሰዓት በላይ እስካልጨመረ ድረስ። ማለት አሁን ያላችሁበት አዘዞ ያለው ድርጅት ቅዳሜን አሳጥሮ ወይ ዘግቶ ሌላውን ቀን ትንሽ ቢያስረዝም ሕግ አልጣሰም፣ ለእናንተ ደሞ በሳምንት አንድ ደርሶ መልስ ቀረ። መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፣ እምቢ ካለ እምቢ ነው፣ ምን ቀረባችሁ። የሚገርመኝ ሰው ሦስት ሺ ብር ለመተው ይወስናል፣ አለቃውን አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ያፍራል።

«ደሞዝ ከቀነስኩ ጡረታዬም አብሮ ሄደ»

በዕድሜ ይለያያል። የጡረታ አበል የሚሰላው ጡረታ ከመውጣት በፊት ባሉት የመጨረሻ ሦስት ዓመታት አማካይ ደሞዝ ላይ ነው። የ30 ዓመት ልጅ ዛሬ 3,000 ብር ቢቀንስ 60 ዓመቱ ላይ የሚሰላው የዛን ጊዜው ደሞዙ ነው፣ እስከዛ ስንቴ ይቀያየራል። ዋናው መዋጮው ሳይቋረጥ መቆየቱ ነው፣ ከሱ 7 ከአሠሪው 11 ከመቶ በትክክል መግባቱን ይከታተል። 57 ዓመት የሞላው ጋሼ ግን «አሁንስ መንገድ ደከመኝ» ብሎ ዝቅ ወዳለ ደሞዝ ቢዞር ዕድሜ ልኩን የሚበላው አበል ነው የሚነካበት፣ እሱ ሦስቷን ዓመት ቢታገስ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

አንድ ተያያዥ ነገር፣ ጡረታ የሚቆረጠው ከመነሻ ደሞዝ፣ ማለት አበል ሳይጨመርበት ካለው ደሞዝ ላይ ነው። አዲሱ ሥራ «ደሞዝ 7,000፣ ሌላው በአበል» ካለ ጡረታውም ኦቨርታይሙም በ7,000ው ነው የሚሰላው። ሁለት ሥራ ስታወዳድሩ መነሻውን ከመነሻ ጋር አወዳድሩ።

«ይሄ ልጅ ላላቸው ሴቶች ነው»

አይ። ማታ ኤክስቴንሽን የሚማር ወንድ፣ እናቱን የሚያስታምም ሰው፣ ከሥራ በኋላ ሱቅ የሚከፍት ሁሉ ይሄው ጉዳይ ነው። ሴቶቹ ቀድመው ስላወሩት የነሱ ብቻ መሰለ እንጂ።

«ቅርብ ከሠራሁ የተረፈው ሰዓት የራሴ ነው»

እዚህ ላይ እንኳ ጎንደሬ ሁሉ ይስቃል። ቅርብ የሚሠራና ሰዓቱ ለቀቅ ያለ ሰው ዘመድ አዝማዱ አንድ ወር ሳይሞላ ይደርስበታል። እማማን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እሱ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን የሚያስተክለው እሱ፣ ለክርስትና በግ የሚገዛው እሱ፣ ቧንቧ ሠሪ ሲመጣ በር የሚከፍተው እሱ፣ «አንተ እኮ እዚሁ ነህ» እየተባለ። አዘዞ የሚሠራው ወንድሙ ማታ ደክሞ ገብቶ ይመሰገናል። ይሄ ማኅበራዊ ኑሮ ነው፣ ክፉ አይደለም፣ ግን ሦስት ሺውን የምትተዉት ለማንበብ ወይ ሁለተኛ ገቢ ለመፍጠር ከሆነ የትኛዋ ሰዓት እንደማትነካ ለቤተሰብ ከመጀመሪያው ንገሩ። ማስረጃ ባይኖራችሁም «ሥራ ላይ ነኝ» ማለት ልመዱ።

«ዛሬ ተቀበሉኝ፣ ነገ እገባለሁ»

ቸኩሎ መውጣት የሚያሳጣውን ብር ብዙ ሰው አይቆጥረውም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። አዲሱ ቦታ ስትገቡ ደሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ላይ ናችሁ፣ በዛ ጊዜ ውስጥ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷችሁ ይችላሉ። የዓመት ፈቃዱም ከ16 የሥራ ቀን እንደገና ይጀምራል፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ አንድ ቀን እየጨመረ የሄደው የድሮው ፈቃድ አብሮ አይመጣም።

ትልቁ ደሞ የአገልግሎት ካሳ ነው። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ካገለገለና ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ካሳ ይገባዋል፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደሞዝ፣ ለያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደሞ የዛ አንድ ሦስተኛ። አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው ዛሬ ደብዳቤ ቢያስገባ ይሄን ሁሉ ጥሎ ነው የሚወጣው። አምስት ዓመት ላይ ግን ከሁለት ወር ደሞዝ በላይ ይዞ ይወጣል፣ ያ ብር የአዲሱን ሥራ ልዩነት ለወራት ይሸፍናል። ስለዚህ የቅጥር ደብዳቤያችሁን አውጡና ቀኑን እዩት፣ አዲሱ አሠሪም የሚፈልጋችሁ ከሆነ ሁለት ወር ይጠብቃል፣ ጠይቁት።