በጎጃም የድንገተኛ ሕክምና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ

የድንገተኛ ሕክምና ነርሲንግ ሁለተኛ ዲግሪ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው፣ የሙያ ፈቃድ አውጥቶ ሲሠራ ለቆየ ነርስ የሚሰጥ የማስተርስ ትምህርት ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ ከጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ጋር ተጣምሮ ይሰጣል። ስሙም "የድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ" ይባላል። በመደበኛው መርሐ ግብር ሁለት ዓመት ይፈጃል። ጎጃም ውስጥ ለሚሠራ ነርስ ቅርቡ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው። ጣናን ዞሮ መሄድ ለማይከብደው ደግሞ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አለ። ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ የሚገባም ጥቂት አይደለም።

ሙያው ራሱ የቆየ አይደለም። በአሜሪካ የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ማኅበር የተመሠረተው በፈረንጆቹ 1970 ነው። የሙያ ብቃት ፈተናቸው የጀመረው ደግሞ በ1980 ነው። እዚያ ብዙው ነርስ ዲግሪ ሳይጨምር በአጫጭር ሥልጠናና በፈተና ይመሰከርለታል። እኛ ጋ መንገዱ በዩኒቨርሲቲ በኩል ሆነ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና የሐኪሞች ስፔሻሊቲ ትምህርት በ2003 ዓ.ም. ሲጀመር የነርሶቹም ማስተርስ በዚያው ሰሞን መልክ ያዘ። ከዚያ በፊት ድንገተኛ ክፍል ማለት የዕለቱ ተረኛ የሚመደብበት ክፍል ነበር። ዛሬ ከቀዶ ሕክምና ዋርድ፣ ነገ ከሕፃናት ክፍል የመጣ ነርስ ይገባበታል። ይህ አሠራር በብዙ ቦታ አሁንም ጨርሶ አልቀረም።

ለመሆኑ ጎጃም ውስጥ ድንገተኛ ክፍል ምን ይመጣል? ሁሉም ይመጣል። በደጀን በኩል የዓባይ በረሃ አለ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርደው ያ ጠመዝማዛ መንገድ ፍሬኑ የከዳውን የጭነት መኪና አይምርም። ከዛፍ የወደቀ፣ በሬ የወጋው፣ በዱላ የተፈነከተ፣ ጥይት የመታው አለ። ከቆላው ወባ ወደ አእምሮ ወጥቶበት ራሱን የሳተ ይመጣል። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያለ እናት ትመጣለች። ስኳሩ ሰማይ የነካ፣ ግማሽ አካሉ የከዳው፣ ልቡ የደከመ ሽማግሌም የከተማ ብቻ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል።

የጸረ ተባይ መርዝ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። በቆሎና ጤፍ በሚመረትበት አገር ኬሚካሉ ከእህሉ ጋር አንድ ቤት ያድራል። ኦርጋኖፎስፌት የተባለው ዓይነት ሲሆን ታካሚው ምራቁ ይዝረከረካል፣ ያልበዋል፣ የዓይኑ ብሌን የመርፌ ጫፍ ታክላለች፣ ሳንባው በፈሳሽ ይሞላል። መድኃኒቱ አትሮፒን ነው። አሰጣጡ ግን አንድ መርፌ ወግቶ ዞር የሚባልበት አይደለም። በየአምስት ደቂቃው ደረትን እያዳመጡ፣ መጠኑን በእጥፍ እየጨመሩ፣ ሳንባው እስኪደርቅ ድረስ መሄድ ነው። ብዙ ነርስ መጠኑ ሲያድግ ይፈራል። የልብ ምቱ ፈጠነ ብሎ ያቆማል። ማስተርሱ ላይ አጥብቀው ከሚያስተምሩት ነገር አንዱ ይኸው ነው፦ የልብ ምት መፍጠን ብቻውን ማቆሚያ አይደለም፣ ዋናው ምልክት የሳንባው መድረቅ ነው።

ቁምነገሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። በጤና ሥርዓታችን አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ ይሠራል። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ ይይዛል። ታካሚው ከቀበሌው በቃሬዛ ይወርዳል። መንገድ ዳር ባጃጅ ወይም የወረዳው አምቡላንስ ይጠብቀዋል። ከጤና ጣቢያ ወደ መጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ባሕር ዳር ይላካል። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሞጣ 120 ያህል ነው። በዚህ ሁሉ ጉዞ ከታካሚው ጎን የሚቀመጠው ሐኪም ሳይሆን ነርስ ነው። ሌሊት ወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ተረኛው ሐኪም አንድ ነው። እሱም ማዋለጃ ወይም ቀዶ ክፍል ከገባ ድንገተኛ ክፍሉ በነርሷ እጅ ይወድቃል። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ የዚህ ትምህርት ዋጋ የሚለካው ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ባለው ማሽን ሳይሆን እዚያ እስኪደረስ ባለው ሰዓት ነው ባይ ነኝ።

ለምሳሌ የኦክስጅን ሒሳብን እንይ። ትምህርቱ ላይ አንድ ከሰዓት የሚወስድ ነገር ነው፣ መንገድ ላይ ግን ነፍስ ነው። ባለ 10 ሊትር ሲሊንደር የግፊት መለኪያው (ጌጁ) 100 ባር ቢያሳይ ውስጡ 1000 ሊትር ያህል ኦክስጅን አለ። ታካሚው በደቂቃ 10 ሊትር ከፈለገ 100 ደቂቃ ይቆያል። ከሞጣ ባሕር ዳር ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ 150 ደቂቃ ነው። ስለዚህ ሲሊንደሩ ከመድረሱ በፊት ያልቃል። አምቡላንሱ ከመነሳቱ በፊት ይህን ያሰላ ሰው ሁለተኛ ሲሊንደር ያስጭናል። ሁለተኛ ከሌለም መንገድ ላይ መቀየሪያ የሚገኝበት ሆስፒታል ደውሎ ያረጋግጣል። መጠባበቂያም ይጨምራል፣ ጎማ ይተነፍሳልና። ያላሰላው "ሙሉ ነው" ብሎ ይነሳል።

ሌላው ዋና ትምህርት ትሪያጅ ነው፤ ማን ቀድሞ ይታይ የሚለው። በሰፊው የሚታወቀው የደቡብ አፍሪካው መለኪያ ነው። ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀት፣ ንቃት፣ መራመድ መቻልና ጉዳት ነጥብ ይሰጣቸዋል። 7 እና ከዚያ በላይ ቀይ ነው፣ ወዲያው ይታያል። 5 እና 6 ብርቱካናማ ነው፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ መታየት አለበት። 3 እና 4 ቢጫ ሲሆን እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያ በታች አረንጓዴ ነው። አሁን ሁለት ሰዎች አብረው ቢመጡ እናስብ። አንዱ ወጣት ነው፣ ክንዱ ተሰብሯል፣ በእግሩ እየሄደ ኮሪደሩን በጩኸት ይሞላዋል። ሌላው ጎልማሳ ገበሬ ነው፣ በቃሬዛ መጥቷል፣ ዝም ብሏል፣ ሲጠይቁት "ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን" ይላል። ትንፋሹ በደቂቃ 26 ነው፣ ሁለት ነጥብ። የልብ ምቱ 118 ነው፣ ሁለት። የላይኛው የደም ግፊቱ 95 ነው፣ አንድ። መራመድ አልቻለም፣ ሁለት። ድምሩ 7 ነው። ቀይ እሱ ነው። ወጣቱ ስብራቱ ክፍት ካልሆነ ቢጫ ላይ ይቀመጣል፣ ሕመሙ የከፋ ከሆነ ብርቱካናማ። የጎጃም ገበሬ ደግሞ "አመመኝ" ለማለት ችኩል አይደለም። ቁጥሩን የማይቆጥር ባለሙያ ጯሂውን ያስቀድማል። ወጣቱን የከበቡት አስታማሚዎችም እንዲያስቀድም ይገፉታል።

የትምህርቱ አደረጃጀት ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል። የመጀመሪያው ዓመት ክፍል የሚበዛበት ነው። የበሽታ አመጣጥ፣ የመድኃኒት ትምህርት፣ ኤፒዴሚዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስና የምርምር ዘዴ አለ። ከዚያ የአደጋ ጉዳት፣ የልብና የሳንባ ድንገተኛ ችግሮች፣ የሕፃናትና የእናቶች ድንገተኛ ሕክምና፣ የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ይከተላሉ። ልብና ትንፋሽ ሲቆም የሚደረገው ደረት መጫን በአሻንጉሊት ላይ እስኪያልብ ይለመዳል። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ 30 ተጭኖ 2 ትንፋሽ። በሁለት ደቂቃ ሰው ይቀየራል፣ እጅ ይዝላልና።

የተግባር ልምምዱ በባሕር ዳር በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ነው። ጥበበ ጊዮን በአዴት መውጫ ያለው፣ በ2011 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ነው። እዚያ ሞኒተር አለ፣ ታካሚን የሚያስተነፍስ ማሽን (ሜካኒካል ቬንቲሌተር) አለ፣ ስፔሻሊስት አለ። ተማሪው ያያል፣ ይነካል፣ ይለምዳል። ከዚያ ተመርቆ ወደ ወረዳው ሲመለስ የሚጠብቀው በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ አምቡ ባግ፣ ኦክስጅን ከአየር የሚያጣራ አንድ ኮንሰንትሬተርና አልፎ አልፎ የሚቋረጥ መብራት ነው። ቬንቲሌተር ማስተካከል መማሩ ከንቱ ነው አልልም። ግን ከልምምዱ ጥቂት ሳምንታት ቢቸና ወይም መርዓዊ ዓይነት ሆስፒታል ውስጥ ቢሆኑ ትምህርቱ መሬት ይይዝ ነበር።

ሁለተኛው ዓመት የመመረቂያ ጥናት፣ የቴሲስ ነው። በዚህ በኩል ያለፈ ሰው እዚህ ጋ ፈገግ ይላል። ርዕሱ በአብዛኛው "የእንትን ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች" ነው። ናሙናውም ብዙ ጊዜ 422 ወይም 423 ይሆናል። ምክንያቱም የናሙና መጠን የሚሰላበት የተለመደው ቀመር 384 ይሰጣል፣ መልስ ለማይሰጡ ደግሞ 10 በመቶ ይጨመርበታል። ፕሮፖዛል፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ ትንተና፣ ዲፌንስ እያለ ወሩ ይነጉዳል። ጥሩ ሥራ አይወጣም ማለት አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ታካሚ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በሪፈር ወረቀት ላይ ምን እንደሚጎድል የሚያጠና ቴሲስ ለሆስፒታሉ ሥራ ይሠራለታል። ችግሩ ዲፌንስ ሲያልቅ መደርደሪያ ላይ መቅረቱ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ይህን ሁሉ ከባድ አድርጎታል። መንገድ ሲዘጋ ሪፈር ይቆማል። ባሕር ዳር ይላክ የነበረ ታካሚ ወረዳ ላይ ያድራል። የጥይት ቁስል አያያዝ፣ ደም ማቆም፣ ብዙ ቁስለኛ በአንዴ ሲገባ መለየት የመጽሐፍ ርዕስ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ሥራ ሆኗል።

ከተመረቁ በኋላስ? አንዳንዱ ወደነበረበት ይመለሳል፣ በተለይ በጤና ቢሮ ስፖንሰርነት የተማረ። ስፖንሰር ማለት ደመወዝ እየተከፈለ መማር ነው፣ በምላሹ በውል የተቀመጠ የአገልግሎት ግዴታ አለ። ሌላው ኮሌጅ ገብቶ ያስተምራል። ሌላው ቢሮ ይገባል። አስተማሪ መብዛቱ መጥፎ አይደለም፣ ቀጣዩን ነርስ የሚያሠለጥን ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስና እንጅባራም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ግን ድንገተኛ ክፍል ያለው ሰው ማስተርስ ሲይዝ ከድንገተኛ ክፍል የሚወጣ ከሆነ ማነው የቀረው? ሌላም ነገር አለ። ታካሚው ሴቷን ነርስ "ሲስተር"፣ ወንዱን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ "ዶክተር" ብሎ ይጠራል፤ ማስተርስ ይኑራቸው አይኑራቸው አያውቅም። ሆስፒታሉ ግን ያውቃል። ሁለት ዓመት የተማረችውን ሲስተር እንደ ማንኛውም ተረኛ ዛሬ ድንገተኛ፣ ነገ ተመላላሽ ክፍል የሚያዟዙር ከሆነ ወጪው ባከነ።

ማመልከት የሚፈልግ ሰው በነርሲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ የታደሰ የሙያ ፈቃድ፣ የሥራ ልምድና በስፖንሰር ከሆነ የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ያዘጋጃል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠውን አገር አቀፍ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ሆኗል። ለፈተናው የነርሲንግ ዕውቀት ብቻ አይበቃም። ሒሳብ ነክ ጥያቄ፣ አመክንዮና እንግሊዝኛ አለበት። ብዙ ጎበዝ የድንገተኛ ክፍል ነርስ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ከአዳር ዱቲ በኋላ ሒሳብ መከለስ ቀላል አይደለምና ከምዝገባው ወራት ቀደም ብሎ መጀመር ያዋጣል። ዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ሲያወጣ ደግሞ የክፍያውን ዓይነት ማየት ነው። በግል የሚማር በሴሚስተር ይከፍላል፣ ደመወዙም ሊቋረጥ ይችላል። ቤተሰብ ያለው ሰው ይህን ሳያሰላ ባይገባበት ይሻላል።