የቀይ ባሕር ግዙፍ ዛጎሎች፦ የቱ የት ይገኛል? በምንስ ይለያል?

ግዙፍ ዛጎል (በሁለት ክፍል ዛጎል ውስጥ የሚኖር ትልቅ የባሕር እንስሳ) ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ያንን ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝመውንና ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ነው። እሱ ትሪዳክና ጊጋስ ይባላል። ቀይ ባሕር ውስጥ ግን የለም። የሚኖረው ከደቡብ ምሥራቅ እስያ እስከ ሰሜን አውስትራሊያና የፓስፊክ ደሴቶች ድረስ ነው። ስለዚህ በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሻርም አል ሼክ ጠልቆ ጊጋስ አየሁ የሚላችሁ ሰው ያየው ሌላ ነው።

በዓለም ላይ ወደ 12 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉ፤ ሁሉም የሕንድና የፓስፊክ ውቅያኖሶች ነዋሪዎች ናቸው። ሥጋቸው ውስጥ የሚኖረው አልጌ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ስለሚሠራላቸው፣ ሞቃትና ጥርት ያለ፣ ብዙም ጥልቀት የሌለው ውሃ ይፈልጋሉ። ቀይ ባሕር ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነው።

እዚያ ያሉት ሦስት ናቸው። በብዛት የሚገኘው ማክሲማ ሲሆን፣ ከምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ አንስቶ መሃል ፓስፊክ ድረስ የተሠራጨ፣ ከሁሉም ሰፊ አገር ያለው እሱ ነው። ዛጎሉ ወደ አንድ ጎን ረዘም ይላል፣ ዛጎሉ ላይ ያሉት ቅርፊቶች ዝቅ ያሉና የተጠጋጉ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ግማሽ አካሉን ኮራሉ (የባሕር ድንጋዩ) ውስጥ ቀብሮ ታገኙታላችሁ። ስኳሞሳ የሚለየው እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ባሉ ትልልቅ ቅርፊቶቹ ነው፤ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት አለ። እሱ አይቀበርም፣ ኮራል ላይ ወይም ፍርስራሹ መሃል ይቀመጣል፣ ጠለቅ ያለ ውሃም ይችላል።

ሦስተኛው ስኳሞሲና ነው፤ ታሪኩም ከሁሉም ይገርማል። በ1899 ስም ወጣለት፣ ከዚያ ግን ከሌሎቹ ጋር እየተምታታ ተረሳ። በ2008 ተመራማሪዎች አዲስ ዝርያ አገኘን ብለው ኮስታታ አሉት፤ ቆይቶ ሲጣራ ያው የድሮው ሆኖ ተገኘ። የዛጎሉ አፍ ጠርዝ በጥልቅ ዚግዛግ የተሰበረ ነው፣ ሥጋው ላይ ኪንታሮት መሰል እብጠቶች አሉ፣ የሚኖረውም ኮራሉ አናት ላይ፣ ሰው በእግሩ ደርሶ ሊለቅመው በሚችልበት ጥልቀት ነው። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የመነመነው። ከ125,000 ዓመት ገደማ በፊት በነበሩት ቅሪተ አካላት ውስጥ ከቀይ ባሕር ግዙፍ ዛጎሎች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው እሱ ነበር፤ የ2008ቱ ጥናት በሕይወት ካገኛቸው ውስጥ ግን ድርሻው 1 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው።

በቀለም ለመለየት አትድከሙ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ፣ ወይን ጠጅ፣ አንዱ ዝርያ ብቻ ይህን ሁሉ ይለብሳል። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሁሉ ከላይ ያንን የሚያምር ሥጋ አንስቶ ይሄዳል፤ ዝርያውን ማወቅ ከፈለጋችሁ ግን ዝቅ ብላችሁ የዛጎሉን ጎን አንሱ፣ ቅርፊቱ የሚታየው ከዚያ ነው። ኮራል ውስጥ ተቀብሮ ከሆነም ከፎቶው ጋር ይህንኑ ጻፉ፣ ጥልቀቱንም ጨምሩበት።