በዝናብ ጊዜ ዓሣ ማጥመድ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰማዩ ሲጠቁር አንዱ አጥማጅ መንጠቆውን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል፣ ሌላው ገና አሁን ከቤቱ ይወጣል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ምክንያታቸው ግን ብዙውን ጊዜ ግማሽ እውነት ነው። ዝናብ የሚለውጠው ብርሃኑን፣ የውሃውን ሙቀት፣ ፍሰቱንና ጥራቱን ነው። ዓሣው ቦታ የሚቀይረውም፣ የሚበላውም፣ የሚጾመውም በእነዚህ ምክንያት ነው።

«ዝናብ ሲጥል ዓሣ ወደ ታች ይጠልቃል»

በካፊያና በመጠነኛ ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ደመናው ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ጠብታው የውሃውን ገጽ ስለሚሰባብረው ዓሣው ዳር የቆመውን ሰውም ሆነ ከላይ የሚያንዣብበውን ወፍ አጥርቶ አያይም። በጠራራ ፀሐይ ጥልቅ ቦታ ተደብቀው የሚውሉ አዳኝ ዓሦች ያኔ ዳር ዳሩን ማሰስ ይጀምራሉ፤ ግማሽ ሜትር በማይሞላ ውሃ ውስጥ እንኳ። ስህተቱ እንደ ወትሮው አርቆ መወርወር ነው፤ ዓሣው እግር ስር እያለ ክሩ በላዩ ያልፋል። መጀመሪያ ከዳር 2 ወይም 3 ሜትር ላይ ይጣሉ፣ ካልነካ ቀስ በቀስ ያርቁ።

«የአየር ግፊት ሲወርድ ዓሣው ይታወካል»

ይህን ሒሳብ ይፈታዋል። ዝናብ ይዞ የሚመጣ የአየር ለውጥ ግፊቱን ከ10 እስከ 20 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ) ቢቀንስ ነው። አንድ ሜትር ውሃ ደግሞ ወደ 98 ሄክቶፓስካል ይጫናል። ዓሣው ከ10 እስከ 20 ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ላይ ቢወጣ ያንኑ ያህል ለውጥ ያገኘዋል፤ ይህን ደግሞ በቀን ስንት ጊዜ ያደርገዋል። ዝናቡ ሊጥል ሲል ዓሣ በብዛት ከነከሰ፣ ከባሮሜትሩ በፊት የብርሃኑን መቀነስና ውሃውን የሚያናውጠውን ነፋስ ይጠርጥሩ።

«ዝናብ ኦክስጅን ስለሚጨምር ለዓሣው ሁሌም ጥሩ ነው»

ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን እንደሚይዝ እውነት ነው፦ በባሕር ጠለል ከፍታ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሊትር ውሃ 7.5 ሚሊግራም ገደማ፣ በ20 ዲግሪ ደግሞ 9 ገደማ ይይዛል። ስለዚህ በሙቀት ወቅት ቀለል ያለ ዝናብ ዓሣውን ሊያነቃቃው ይችላል።

ትንሽ ኩሬ ላይ ዶፍ ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛው የዝናብ ውሃ ከባድ ስለሆነ ይሰምጥና ከታች የተኛውን፣ ኦክስጅን ያለቀበትን ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። ከድርቅ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ጎርፍ ደግሞ የተከማቸ ፍግና ብስባሽ ጠርጎ ያስገባል፤ ያ ሲበሰብስ የቀረችውን ኦክስጅን ይበላታል። ማለዳ ላይ ዓሦች ገጹ ላይ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ካዩ መንጠቆዎን ይሰብስቡ፤ ታፍነዋል፣ አይበሉም። አምባዛ ግን ከስንጥቡ (ከውሃ ከሚተነፍስበት አካል) ሌላ ከአየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ይህን ይቋቋማል።

«ውሃው ከደፈረሰ ጉዞው ከንቱ ነው»

ድፍርስነት ደረጃ አለው። ነጭ የጣሳ ክዳን መሃሉን በስተው፣ በክር አንጠልጥለው፣ ከስሩ ጠጠር አስረው ያስጥሙት፤ ከዓይን የጠፋበትን ጥልቀት በክሩ ይለኩ። ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ከታየ እንደ ወትሮው ያጥምዱ። ከ10 እስከ 30 ከሆነ ዘዴ ይለውጡ። ከ10 በታች ከሆነ ቦታ ይለውጡ። መለኪያው የአጥማጅ ልማድ ነው፣ ግን ይሠራል።

ዘዴው የሚለወጠው ዓሣው ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በጎን መስመሩ ስለሚተማመን ነው። የጎን መስመር ከስንጥብ እስከ ጭራ የተዘረጋ፣ የውሃን ንቅናቄ የሚያዳምጥ የስሜት አካል ነው። አምባዛ በዚያ ላይ ጣዕም የሚለይበት ጢም አለው፤ ለእሱ ድፍርስ ውሃ ገበታ ነው። እንግዲህ ሁለት ሦስት የምድር ትል በአንድ መንጠቆ ይሰኩ፣ ጫፋቸው እየተወዛወዘ ይቅር። ከውሃው ስር መሬት ላይ ያሳርፉትና ዓሣው ሽታውን ተከትሎ እስኪደርስ 10 ወይም 15 ደቂቃ አይንኩት። ሰው ሠራሽ ማባበያ የሚጠቀሙ ከሆነ ጥቁር ወይም ደማቅ ቢጫ ይምረጡ፣ ሲስቡም በጣም በዝግታ።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው በእርሳሱ፣ መንጠቆውን በሚያሰምጠው ክብደት ነው። ክብ እርሳስ በጎርፍ ውሃ ይንከባለላል፤ ጠፍጣፋው ይቆማል። ከጣሉ በኋላ ክሩን ወጠር አድርገው የዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ፦ በየጥቂት ሰከንዱ ተንቀጥቅጦ ከላላ እርሳሱ እየሄደ ነው፣ ክብደት ይጨምሩ። ጫፉ ሳይላላ ቀስ በቀስ እየጎበጠ ከመጣ ግን ክሩ ላይ ሣርና ቅጠል ተጠምጥሟል። ዘንጉን ከፍ አድርገው ቢያቆሙት ውሃ ውስጥ የሚገባው ክር ስለሚያጥር ቆሻሻው ይቀንሳል።

«ጎርፍ ዓሣውን ጠርጎ ይወስደዋል»

ጥቃቅኑን ሊወስድ ይችላል። የቀረው ጉልበቱን ላለመጨረስ ውሃው ረጋ ወዳለበት ይጠጋል፦ ከቋጥኝ ጀርባ፣ ወንዙ ሲታጠፍ ከውስጠኛው ወገን፣ በጎርፍ የተዋጠ ሣር ውስጥ። አንድ ጥርት ያለ ገባር ከደፈረሰው ወንዝ ጋር ሲገናኝ ሁለቱ ውሃዎች ለጥቂት ሜትሮች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ይፈሳሉ፤ መንጠቆውን እዚያ ወሰን ላይ፣ ከጥርቱ ወገን ይጣሉ። አዳኙ ከድፍርሱ ተደብቆ ይጠብቃል።

ሰዓቱም ይወስናል። ውሃው እየሞላ ሳለ ክሩ የሚያመጣው ቆሻሻ ነው፤ የተሻለው ጊዜ መጉደልና መጥራት ሲጀምር ነው። ትንሽ ጅረት በአንድ ሁለት ቀን ይጠራል፣ ትልቅ ወንዝ ከሳምንት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ውሃው የሚነካበት ጠርዝ ላይ እንጨት ይትከሉ፦ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንጨቱ በደረቅ ከቀረ እየጎደለ ነው። ከተዋጠ ዕቃዎን ይዘው ከፍታ ይያዙ፤ እርስዎ ጋ ሰማዩ ቢጠራም ላይኛው አገር የዘነበው ደራሽ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በኃይል የሚወርድ ውሃ ከ15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ጀምሮ ሰው ሊጥል ይችላል።

«የጎማ ጫማ ካደረግኩ መብረቅ አይመታኝም»

ብዙ ኪሎሜትር አየር ሰንጥቆ የወረደን መብረቅ ሁለት ጣት ጎማ አያቆመውም። የካርቦን ዘንግ ደግሞ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ነው፤ ክፍት ውሃ ዳር ሽቅብ ተይዞ ከአካባቢው ሁሉ ይረዝማል። ነጎድጓድ ከሰሙ ዘንጉን መሬት ላይ ያስተኙ፣ ከውሃው ይራቁ፣ ብቸኛ ዛፍ ስር አይጠለሉ፣ ቤት ወይም ጣሪያው ብረት የሆነ መኪና ውስጥ ይግቡ። ዝናቡ ቢያባራም ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ይቁጠሩ፤ መሃል ላይ እንደገና ካጉረመረመ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።