ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም፦ ከጀሶው ዳዊት እስከ መቅደላው ዘውድ

ለንደን፣ ሳውዝ ኬንሲንግተን የሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ስሙ ቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት ይሸታል። ሲመሠረት ግን የታሰበው ለሠራተኛና ለእጅ ባለሙያ ነበር። ሰው በአጭሩ ቪ ኤንድ ኤ ነው የሚለው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መነሻው በ1851 ሃይድ ፓርክ ውስጥ የተደረገው ታላቁ ኤግዚቢሽን ነው። በመስታወትና በብረት በተሠራው ክሪስታል ፓላስ 6 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ተገባ፣ ወጪው ሁሉ ተሸፍኖም 186,000 ፓውንድ ገደማ ተረፈ። በትርፉ መሬት ተገዛ። ዛሬ በዚያ ሰፈር ተደርድረው የምናያቸው ሙዚየሞች የቆሙት እዚያ መሬት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሄንሪ ኮል ይባላል። ዕረፍት የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የኮል ንዴት አንድ ነው፦ የእንግሊዝ ፋብሪካ ዕቃ ያመርታል፣ ዕቃው ግን ያስጠላል። ስለዚህ በ1852 ሙዚየሙን ማልበሮ ሃውስ በሚባል የለንደን ሕንፃ ውስጥ ለሕዝብ ሲከፍት ጥሩ ጥሩውን ብቻ አላሳየም። የመጥፎ ዲዛይን ናሙና የሞላበት ክፍልም አዘጋጀ። የግድግዳ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ የቤት ዕቃ፣ ሁሉም «እንዲህ አትሥሩ» ለማለት የተሰቀለ። ሰዉ «የአስፈሪ ነገሮች ክፍል» ብሎ ስም አወጣለት። አምራቾቹ ዕቃቸው በአደባባይ ሲሰደብ ዝም ሊሉ አይችሉም፣ ጮኹ፣ ክፍሉም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። እኔ ግን ዛሬም ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር።

በ1857 ሙዚየሙ አሁን ወዳለበት ቦታ ተዛወረ። ሕንፃው ከብረት የተገጣጠመና በጣም አስቀያሚ ስለነበር ሰፈሩ «የብሮምፕተን ቦይለሮች» አለው፤ ብሮምፕተን የሰፈሩ ስም ነው፣ ቦይለር ደግሞ ትልቅ የብረት የውሃ ማፍያ። ስለ ውበት ሊያስተምር የመጣ ሙዚየም! ግን ኮል አንድ ነገር ገብቶታል፦ ሠራተኛ ቀን ቀን አይመጣም። የጋዝ መብራት አስገብቶ ማታ ማታ ከፈተ። መግቢያውም በተወሰኑ ቀናት ነፃ ነበር፣ በቀሩት ቀናት ደግሞ 6 ፔንስ። ምግብ ቤትም ከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የሙዚየም ምግብ ቤት እሱ ነው ይባላል። ክፍሎቹ ዛሬም አሉ፤ በሴራሚክ ባሸበረቁት ዓምዶች መሃል ተቀምጦ ሻይ መጠጣት ይቻላል።

የአሁኑን ስም ያገኘው በ1899 ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ የአዲሱን ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ያኖሩት ያኔ ነው፤ ሕንፃው ተጠናቆ የተመረቀው ግን እሳቸው ካረፉ በኋላ በ1909 ነው። የሳይንሱ ስብስብም ተለይቶ ወጥቶ ራሱን ቻለ።

ስብስቡ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነው፣ በአንድ ቀን አያልቅም። እኔን የሚማርከኝ የጀሶ ቅጂዎቹ አዳራሽ ነው። በ1873 የተከፈተው ዕድል ላልቀናው፣ ጣሊያን ሄዶ ዋናዎቹን ሥራዎች ማየት ለማይችል ሰው ነው። የሮሙ የትራጃን ዓምድ ቅጂ ጣሪያው ስላልበቃው ለሁለት ተቆርጦ ጎን ለጎን ቆሟል። የማይክል አንጄሎ ዳዊትም አለ፣ ልክ እንደ ዋናው ራቁቱን። የንጉሣውያን ሴቶች ሲመጡ እንዳያፍሩ የጀሶ የበለስ ቅጠል ተሠርቶለት ነበር፣ በመንጠቆ የሚንጠለጠል። ቅጠሉ ዛሬ ከሐውልቱ ጀርባ ለብቻው ተቀምጧል።

ከዚያ የአርደቢል ስጋጃ አለ፣ የፋርስ ሥራ ነው። 10 ሜትር ያልፋል፣ ቀኑም የተጠለፈበት ነው፣ 1539 ወይም 1540 ላይ ይውላል። ቀለሙ እንዳይለቅ መብራት የሚበራለት በየግማሽ ሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሰው ጨለማ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል።

ሁሉም ግን በገንዘብ አልተገዛም። የቲፑ ነብር የሚባለው ከእንጨት የተሠራ ነብር አንድ ፈረንጅ ላይ ተከምሮ ይቦጫጭቀዋል፤ ውስጡ ኦርጋን አለ፣ እጀታው ሲዞር ነብሩ ያጉረመርማል፣ ሰውየው ያቃስታል። እንግሊዞች በ1799 ህንድ ውስጥ የማይሶሩን ገዢ ቲፑ ሱልጣንን ገድለው የወሰዱት ነው።

የእኛም ነገር እዚሁ ነው። ሚያዝያ 1868 መቅደላ ሲወድቅ፣ አፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሲሠዉ፣ የእንግሊዝ ወታደር ያገኘውን ዘረፈ። ምርኮው በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ተጭኖ ወርዶ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። በእቴጌ ምንትዋብና በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ለጎንደር ቁስቋም የተሰጡት የወርቅ ዘውድና የወርቅ ጽዋ በመጨረሻ እዚህ ሙዚየም ገቡ። የአፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስም አለ፣ እሷም ከመቅደላ ከወረደች በኋላ መንገድ ላይ ነው ያረፈችው። የልጇን የልዑል ዓለማየሁን ፎቶግራፍም እዚያው ታገኙታላችሁ።

የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ከመቅደላ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1867፣ ኮል የአውሮፓ መሳፍንትን የጥበብ ሥራዎችን ቅጂ እንዲለዋወጡ ፓሪስ ላይ አስፈርሞ ነበር። ለጣሊያን ቅርስ ጀሶ በቃ፣ ለቁስቋሙ ዘውድ ግን አልበቃም። ያኔም የከነከነው እንግሊዛዊ አልጠፋም፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ግላድስተን በ1871 ፓርላማ ውስጥ ዕቃዎቹ በመወሰዳቸው ማዘናቸውን ተናግረዋል። በ1920ዎቹ አንድ በወርቅ የተለበጠ የብር ዘውድ ለኢትዮጵያ ተመለሰ፣ የወርቁ ግን ቀረ። ሙዚየሙ በ2018 ስለ መቅደላ ልዩ ዐውደ ርዕይ አቀረበ፤ ዳይሬክተሩም ዕቃዎቹ ለረጅም ጊዜ በውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። በ1983 የወጣው ሕግ ሙዚየሙ ከስብስቡ አውጥቶ እንዳይሰጥ ያግደዋል። በኢትዮጵያ በኩል ያለው ጥያቄ ደግሞ የገዛ ዕቃችንን እንዴት እንዋሳለን ነው።

መግባት ለሚፈልግ፣ ቋሚ ስብስቡ በነፃ ይታያል፣ ዓርብ ደግሞ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ነው።