በታሪክ «ተጽዕኖ ፈጣሪ» ማለት ምንድን ነው?

«በአገሪቱ ታሪክ ከሁሉ የላቀ ተጽዕኖ ያሳደረው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲነሳ ክርክሩ ቶሎ የሚደፈርሰው ዝና፣ ታላቅነትና ተጽዕኖ ስለሚደባለቁ ነው። ዝነኛ ማለት ስሙ የሚታወቅ ነው፤ ታላቅ ማለት የሚከበር። ተጽዕኖ ፈጣሪ የሚባለው ግን በሠራው ሥራ ምክንያት ከእሱ በኋላ የመጡት ሰዎች ኑሮ፣ ሕግ ወይም አስተሳሰብ የተለወጠ ሰው ነው። ለውጡ መልካም ይሁን ክፉ ሌላ ጉዳይ ነው።

የጀርመኑ ቴሌቪዥን ዜድዲኤፍ እ.ኤ.አ. በ2003 ታላላቅ ጀርመናውያንን ሲያስመርጥ ሂትለርን ከዕጩነት አግዶታል። የተጠየቀው ስለ ታላቅነት ነበርና ልክ ነው፤ አንደኛ የወጣውም ከጦርነቱ በኋላ የምዕራብ ጀርመን የመጀመሪያው መራሄ መንግሥት ኮንራድ አደናወር ሆነ። ጥያቄው ስለ ተጽዕኖ ቢሆን ግን ሂትለርን መዝለል አይቻልም፤ ጀርመን ለሁለት የተከፈለችው እሱ በጫረው ጦርነት ነው።

የሕዝብ ድምፅም የራሱ ጣጣ አለው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ታላላቅ ብሪታንያውያንን ሲያስመርጥ ቸርችል አንደኛ፣ መሐንዲሱ ብሩነል ሁለተኛ፣ ልዕልት ዳያና ሦስተኛ ወጡ። ዳርዊን፣ ሼክስፒርና ኒውተን ከዳያና በታች! እሷ ከሞተች ገና አምስት ዓመቷ ነበር። ለብሩነል ደግሞ በስሙ የሚጠራው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀስቅሰውለታል። ከዚህ የባሰው የኔዘርላንድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንደኛ ተብሎ የታወጀው ከሁለት ዓመት በፊት በጥይት የተገደለው ፖለቲከኛ ፒም ፎርታውን ነበር። ኋላ ሲጣራ የስልክ መስመሩ ተጨናንቆ በጊዜው ያልተቆጠረ ድምፅ ተገኘ፤ እሱ ሲደመር በ16ኛው ክፍለ ዘመን በስፔን ላይ የተነሳውን አመፅ የመራው የኦራንዡ ቪለም ይበልጥ ነበር። የታወጀው ውጤት ግን አልተለወጠም።

ታዲያ በምን ይለካ? ለእኔ የሚሻለው ጥያቄ «ይህ ሰው ባይኖር ኖሮ ሌላ ይተካው ነበር ወይ?» የሚለው ነው። ፍጹም መለኪያ አይደለም፤ ያልሆነውን ታሪክ መገመት ይጠይቃል። ቢሆንም ስሞችን በደንብ ያበጥራል። ዳርዊንን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1858 የተፈጥሮ ተመራማሪው አልፍሬድ ዋላስ ከሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች በላከለት ጽሑፍ ላይ ያው የራሱ የተፈጥሮ ምርጫ ሐሳብ (ለአካባቢያቸው የተመቹ ፍጥረታት ይበልጥ ተርፈው ይዋለዳሉ የሚለው) ሰፍሮ አገኘው። የሁለቱም ጽሑፍ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ተነበበ። ዳርዊን ማስረጃውን በመከመር ዋላስን ቢያስከነዳም፣ ሐሳቡ ያለ እሱም ይመጣ ነበር።

ቸርችል ላይ መልሱ ይለያል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 ለጠቅላይ ሚኒስትርነት ከእሱ ጋር የታሰበው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ ነበር። ይኸው ሃሊፋክስ በወሩ መጨረሻ፣ የእንግሊዝ ጦር በፈረንሳይ ወደብ ደንከርክ ላይ በጀርመኖች ተከቦ ሳለ፣ በጣሊያን አማካይነት የሰላም ድርድር ይሞከር የሚል ሐሳብ ለጦርነቱ ካቢኔ አቀረበ። ቸርችል እንቢ አለ። እኔ ደረጃ አውጣ ብባል ቸርችልን ከዳርዊን የማስቀድመው ስለ ንግግሮቹ ሳይሆን ስለዚያች ሳምንት ነው።