አሜሪካዊው ቀባሪ ጥንዚዛ

ማታ ማታ የሞተ ወፍ ወይም አይጥ እየፈለገ ይዞራል። ሲያገኝ አፈሩን ከስሩ እየማሰ ይቀብረዋል። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ካሉት ቀባሪ ጥንዚዛዎች ትልቁ እሱ ነው፤ ርዝመቱ ከ25 እስከ 45 ሚሊሜትር ይደርሳል።

መጀመሪያ በሳይንስ መዝገብ ያሰፈረው ፈረንሳዊው ጊዮም አንቷን ኦሊቪዬ ነው፣ በ1790 እ.ኤ.አ.። ሳይንሳዊ ስሙ ኒክሮፎረስ አሜሪካነስ ይባላል። ኒክሮፎረስ የወገኑ ስም ነው፤ በግሪክኛ ሬሳ ተሸካሚ እንደማለት። ጥንዚዛዎች በሙሉ የሚጠቃለሉበት ኮሌዮፕቴራ የሚለው ስምም ግሪክኛ ነው፣ ትርጉሙ አፎት ክንፍ። ጠንካሮቹ የላይ ክንፎች ስሱን የበረራ ክንፍ እንደ ሰይፍ አፎት ይሸፍኑታል።

ቤተሰቡ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ለብዙ ዘመን ሲልፊዴ በሚባል ቤተሰብ ሲመደብ ኖሯል። በቅርብ ዓመታት የወጡ የዘረመል ጥናቶች ግን ሲልፊዴን ስታፊሊኒዴ ከሚባለው ግዙፍ ቤተሰብ ውስጥ አስገቡት። ክንፉን ልብ ብሎ ላየ ሰው ይህ ብዙም አይገርምም። ስታፊሊኒዴዎች በአጭር የላይ ክንፋቸው ይታወቃሉ። የዚህም የላይ ክንፍ የሆዱን ጫፍ አይሸፍንም፤ ጫፉ በመቀስ የተቆረጠ ይመስላል።

ሰውነቱ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ነው። በእያንዳንዱ የላይ ክንፍ ላይ ሁለት ብርቱካናማ ምልክት አለ። ይህ ግን ብዙ ዘመዶቹም ላይ ይታያል። እሱን የሚለየው ከራሱ ቀጥሎ እንደ ጋሻ የተደፋው ክፍል ነው። በአህጉሩ ካሉት ቀባሪ ጥንዚዛዎች ይህ ጋሻ ራሱ ብርቱካናማ የሆነለት እሱ ብቻ ነው። ወንድና ሴቱን ለመለየት ፊቱን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከመንጋጋው በላይ ያለችው ብርቱካናማ ምልክት በወንዱ አራት ማዕዘን፣ በሴቷ ሦስት ማዕዘን ናት። የአንቴናው ጫፍ እንደ ዱላ ራስ ያበጠ ነው፤ የበድን ሽታ ከሩቅ የሚይዘው በዚህ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ወላጅነቱ ነው። ወንድና ሴት አብረው በድኑን ከቀበሩ በኋላ ላባውን ወይም ፀጉሩን ያነሳሉ። ከአፋቸውና ከፊንጢጣቸው በሚያወጡት ፈሳሽ ይቀቡታል፤ ቶሎ እንዳይበሰብስ ያደርገዋል። ሴቷ እንቁላሏን አጠገቡ አፈር ውስጥ ትጥላለች። እጮቹ ሲፈለፈሉ ወላጆቻቸውን አፋቸው ላይ እየነካኩ ይለምናሉ። እነሱም ያላሙትን ሥጋ እያወጡ ያጎርሷቸዋል። በነፍሳት ዓለም አባትም እናትም አብረው ልጅ ሲያሳድጉ ማየት ብርቅ ነው።

ድሮ በ35 የአሜሪካ ግዛቶች ይገኝ ነበር። በ1989 ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ግን የሚታወቅባቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሮድ አይላንድ ያለችው ብሎክ ደሴትና ምሥራቅ ኦክላሆማ። በኋላ ሌሎች ግዛቶች ውስጥም ስለተገኘ በ2020 ደረጃው ወደ "ስጋት ያለበት" ዝቅ ብሏል። ቁጥሩ የተመናመነበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ለመራባት ከ80 እስከ 200 ግራም ገደማ የሚመዝን በድን ይስማማዋል። ይህን ያህል የሚመዝኑ ወፎች ተመናመኑ፤ ጫካው ሲቆራረጥ ደግሞ በድን የሚሻሙት እንስሳት በዙ።

በማሳቹሴትስ ናንተኬት ደሴት በ1994 እሱን የመመለስ ሥራ ተጀመረ። ባለሙያዎቹ ጉድጓድ እየቆፈሩ፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት ከሞተ ድርጭት ጋር ውስጡ ያስቀምጡ ነበር።